አፈሩ ከመነካቱ በፊት የአፈር ጥበቃ ሰው ይጠየቅ

በየዓመቱ የመኸር ሥራ ሲያበቃ ገበሬው አካፋና ዶማውን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። እርከን ይሠራል፤ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፍራል፤ በቦረቦር ውስጥ የድንጋይ ክትር ይደረድራል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ገመድና ውሃ ልክ ይዞ ከፊት ይቀድማል። የእርከኑን ከፍታ፣ የቦዩን ዝቅዝቃት፣ በእርከንና በእርከን መካከል ያለውን ርቀት ይለካል። ሥራው ከልኩ ከተዛነፈ ፈርሶ እንደገና እንዲሠራ እስከ ማዘዝ ይደርሳል። ይህ ጥብቅነት ተገቢ ነው። ታጥቦ የሄደ አፈር ተመልሶ አይመጣምና።

ይሁን እንጂ በዚያው ተራራ ወገብ ላይ መንገድ ሲቀደድ፣ የድንጋይ መፍጫ ሲተከል ወይም ለመጋዘን የሚሆን ሜዳ በዶዘር ሲደለደል ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይረሳል። ገመድና ውሃ ልክ የያዘው ሰው አይጠራም። የተቆረጠው አፈር ወደ ገደሉ ይገፋል፤ የተሰበሰበው ውሃ ወደ ታች ይለቀቃል።

ከምናውቃቸው ቀበሌዎች በአንዱ የገጠመን ነገር ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ አስገድዶናል። የማኅበሩ አባላት በሦስት በጋ ያለማቋረጥ ሠርተው ቁልቁለቱን በእርከን ሸፍነውት ነበር። ከእርከኑ በላይ አዲስ መንገድ ወጣ። ሥራ ተቋራጩ የመንገዱን ዳር ውሃ በሙሉ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ አሻገረና በእርከኖቹ ራስ ላይ ለቀቀው። በመጀመሪያው ክረምት የላይኞቹ እርከኖች ተበጠሱ። በሁለተኛው ክረምት በሬ ቢገባበት የማይታይ ቦረቦር ተፈጠረ። ለጉብኝት በሄድን ጊዜ አንድ ሽማግሌ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ልጆቼ፣ ውሃ ሰብስባችሁ በአንድ ቦታ አትልቀቁ ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ለእነዚያስ ማን ያስተምራቸው?» ሥራ ተቋራጩ መንገዱን አስረክቦ ሄዷል። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። መልሱን ስንፈልግ የሌላውንም አገር ልምድ ተመልክተናል። በጽሑፉ ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት አላቸው።

የግንባታ ቦታ ከእርሻ የሚብስበት ምክንያት

በሥልጠና ላይ የምንጠቀምበትን የአፈር መሸርሸር ስሌት ሁላችንም እናውቀዋለን። ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1965 አውጥተውት በ1978 ያሻሻሉት ነው። ሁርኒ የተባሉት የስዊስ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርገው አዘጋጅተውታል። ስሌቱ የዝናቡን ኃይል፣ የአፈሩን ተሸርሻሪነት፣ የቁልቁለቱን ርዝመትና ዘቅዛቃነት፣ የመሬቱን ሽፋንና የጥበቃውን ሥራ እርስ በርስ ያባዛል።

አሁን የሽፋኑን ቁጥር ብቻ እንመልከት። በሁርኒ ሠንጠረዥ ጥቅጥቅ ያለ ሣር 0.01፣ ጤፍ ደግሞ 0.25 ነው። ምንም ሽፋን የሌለው የተገለበጠ አፈር 1 ይሆናል። ስለዚህ ዶዘር ሣሩን ገፎ አፈሩን ከገለበጠው፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ የሚታጠበው አፈር መቶ እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ሌላውም ግን እንዳለ አይቀርም። የመንገድ ቁራጭ ከተፈጥሮው ተዳፋት ይልቅ ገደል ነው። ማሽን የረገጠው መሬት ጠጥሮ ውሃ አያሰርግም። ከሥር የወጣው አፈር ብስባሽ ስለሌለው ሣር ቶሎ አይዘውም። የገበሬው ማሳ ራቁቱን የሚቆየው ሰብሉ እስኪሸፍነው ድረስ ሲሆን የግንባታው ቦታ ክረምቱን ሙሉ ራቁቱን ሊያሳልፍ ይችላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንደሚለው፣ ከግንባታ ቦታ የሚታጠበው ደለል በተለምዶ ከእርሻ መሬት ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ ከደን መሬት ደግሞ ከ1,000 እስከ 2,000 እጥፍ ይበልጣል።

በዚህ ላይ ስሌቱ የማይቆጥረው ነገር አለ። ስሌቱ የሚገምተው በገጽታ ላይ የሚታጠበውንና በትንንሽ ፈሰሶች የሚሄደውን አፈር እንጂ ቦረቦርን አይደለም። ከቱቦ አፍ የሚወጣ የተሰበሰበ ውሃ የሚያደርሰው ጉዳት ግን በዋነኛነት ቦረቦር ነው። እንግዲህ ገበሬውን በጤፍ ማሳው የምንቆጣጠር ከሆነ ከእርሱ በላይ ያለውን የግንባታ ቦታ እንዳላየ ማለፍ ከሙያችን ጋር አይስማማም።

በአሜሪካ ግዛቶች የተወሰደው እርምጃ

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ግዛቶችን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። ከሁሉም በፊት የምንጠቅሰው ሜሪላንድን ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዋሽንግተንና በባልቲሞር ዙሪያ የመኖሪያ ሰፈሮች በብዛት ይሠሩ ነበር። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ጎርደን ወልማን ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ጥናት ከግንባታ ቦታዎች የሚወጣው ደለል ከእርሻና ከደን መሬት ከሚወጣው እጅግ የላቀ መሆኑን አሳዩ። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1970 የደለል መቆጣጠሪያ ሕግ አወጣች። ኒው ጀርሲም እ.ኤ.አ. በ1975 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች።

በእነዚህ ሁለት ሕጎች ውስጥ ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ዕቅዱን የሚያጸድቀው ማን ነው የሚለው ነው። በአብዛኛው የሚያጸድቀው የአፈር ጥበቃ ወረዳ የሚባለው አካል ነው። እነዚህ ወረዳዎች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከታላቁ የአቧራ ማዕበል በኋላ ገበሬውን በእርከንና በኮንቱር እርሻ ለመርዳት የተቋቋሙ ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ ገበሬውን የሚመክረው ሰው የግንባታውንም ዕቅድ ይመረምራል። በሁለቱም ግዛቶች ግዴታው የሚጀምረው ከ5,000 ካሬ ጫማ ማለትም ከ465 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ይህም ከአንድ መካከለኛ መጋዘን ግቢ አይበልጥም።

በመላ አገሪቱ ያለው ሕግ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የውሃ ንጽሕና ሕግ በመጀመሪያ ያተኮረው ከፋብሪካና ከከተማ ቱቦ በሚወጣ ፍሳሽ ላይ ነበር። የዝናብ ጎርፍ በሕጉ በግልጽ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1987 በተደረገው ማሻሻያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ደንብ 5 ኤከር (2 ሄክታር ገደማ) እና ከዚያ በላይ የሚቆፈርባቸው ግንባታዎች፣ አሥር ዓይነት የኢንዱስትሪ ሥራዎችና 100,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ የሚኖርባቸው ከተሞች የዝናብ ጎርፍ ፈቃድ እንዲያወጡ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሁለተኛው ደንብ ለግንባታ የተወሰነውን ልክ ወደ 1 ኤከር (0.4 ሄክታር ገደማ) አወረደው። ፈቃዱን ከጥቂቶች በስተቀር የሚሰጡት ግዛቶቹ ራሳቸው ናቸው።

ፈቃዱ ምን ይጠይቃል? እ.ኤ.አ. በ2022 በፌዴራል ደረጃ የወጣውን ጠቅላላ የግንባታ ፈቃድ ብንመለከት ዋና ዋናዎቹ ግዴታዎች የሚከተሉት ናቸው።

1. ሥራው ከመጀመሩ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚወጣና ደለሉ በምን እንደሚያዝ የሚያሳይ ዕቅድ ይጻፋል። ማስታወቂያውም ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት ይቀርባል።

2. በቦታው ዙሪያ የደለል ማገጃ ይደረጋል። ከወንዝ ዳር 50 ጫማ (15 ሜትር ገደማ) የሚሆን የተፈጥሮ ሽፋን ሳይነካ ይቀራል፤ ካልሆነም ያንኑ ያህል ደለል የሚያስቀር ሌላ ዘዴ ይተካል።

3. ቦታው ቢያንስ በየ7 ቀኑ ይመረመራል። ወይም በየ14 ቀኑ ሆኖ ሩብ ኢንች (6 ሚሊ ሜትር ገደማ) ዝናብ ከጣለ በ24 ሰዓት ውስጥ ተጨማሪ ምርመራ ይደረጋል።

4. ለ14 ቀንና ከዚያ በላይ ሥራ የማይሠራበት ራቁት መሬት ወዲያውኑ የመሸፈን ሥራ ይጀመርለታል።

5. በዕፅዋት የሚሸፈን ቦታ ከሆነ ሽፋኑ በአካባቢው ካለው ያልተነካ መሬት ሽፋን 70 በመቶ እስኪደርስ ፈቃዱ አይዘጋም። ባለ ፈቃዱም ከኃላፊነት አይወርድም።

የካሊፎርኒያ አሠራር ለእኛ ለግብርና ሰዎች ይበልጥ ቅርብ ነው። በዚያ ግዛት የግንባታ ቦታው የአደጋ ደረጃ የሚለካው ከላይ ባነሣነው ስሌት በተሻሻለው ቅጂ ነው። የዝናቡ ኃይል፣ የአፈሩ ተሸርሻሪነትና ቁልቁለቱ ተባዝተው ውጤቱ በኤከር ከ15 ቶን (በሄክታር ወደ 34 ቶን) በታች ከሆነ የደለል አደጋው ዝቅተኛ ይባላል። ከ75 ቶን (በሄክታር ወደ 168 ቶን) በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። ከዚህ በተጨማሪ ውሃውን የሚቀበለው ወንዝ ለደለል ያለው ተጋላጭነት ይታያል፤ ደረጃው ከፍ ሲል ቁጥጥሩም ይጠብቃል። እንግዲህ ስሌቱን የሚያውቅ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይህን ሥራ ለመረዳት ሩቅ አይደለም።

በኢንዱስትሪ በኩል ደግሞ ሁለት ቀላል አሠራሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ዝናብ ሊነካው የሚችለው ዕቃና ቁሳቁስ ሁሉ በጣራ ሥር ከሆነ ድርጅቱ ይህንኑ አረጋግጦ ከፈቃዱ ነፃ መሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የኢንዱስትሪ ፈቃድ መሠረት በየሩብ ዓመቱ ጎርፉ መውጣት በጀመረ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ውስጥ በንጹሕ ነጭ ጠርሙስ ይቀዳና በዓይን ይመረመራል። ቀለሙ፣ ሽታው፣ ድፍርስነቱ፣ የሚንሳፈፈውና የሚዘቅጠው ነገር፣ አረፋውና የዘይት ቅባቱ ይታያል፤ ይመዘገባል። ለዚህ ጠርሙስና ደብተር ይበቃል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ይህን ሐሳብ ስናቀርብ ሦስት ተቃውሞዎች እንሰማለን።

አንደኛው፣ ፈቃድ ወረቀት ብቻ ነው የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ዕቅድ አንዲት አካፋ ደለል አያስቀርም። ሆኖም የአሜሪካው ሕግ ለዚህ አንድ መድኃኒት አበጅቷል። ጎርፉ የጎዳው ዜጋ 60 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ አስታውቆ ፈቃዱን የጣሰውን ሰው በፍርድ ቤት ሊከስ ይችላል። እኛም ዘንድ መሠረቱ የለም ማለት አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ንኡስ አንቀጽ 3 ሕዝቡ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ዝግጅትና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን የመግለጽና የመመካከር መብት ሰጥቶታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ሲወጣ ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በግሉ እንደደረሰበት ማሳየት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ የሚፈቅድ ድንጋጌ ይዞ ነበር። መብት ግን ካልተጠየቀበት እንደሌለ ይቆጠራል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል።

ሁለተኛው፣ ልማትን ያዘገያል የሚል ነው። እኛም መንገድ እንፈልጋለን። መንገድ ከሌለ ማዳበሪያው በወቅቱ አይደርስም፤ እህሉም ገበያ አይወጣም። ነገር ግን የቱቦ መውጫ ላይ ድንጋይ መደርደር ወይም አንዱን መውጫ ወደ ሁለትና ሦስት መክፈል በሥራው መካከል የሚሠራ ነገር ነው። ከተቦረቦረ በኋላ ክትር በክትር ላይ መደርደር ግን የብዙ ዓመት ጉልበት ይፈጃል። መንገዱ ራሱም ከሥሩ እየተቦረቦረ መፍረሱ አይቀርም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ የእነሱ አገር ሌላ፣ የእኛ አገር ሌላ የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሌላ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከእርሻ መሬት የሚወጣ የዝናብ ጎርፍ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው። ግዴታው የተጣለው በገንቢውና በኢንዱስትሪው ላይ ነው። እኛ ዘንድ በየዓመቱ ስለ ጎርፍ የሚጠየቀው፣ ጉልበቱንም የሚሰጠው ገበሬው ነው። ገበሬው ይቅርበት አንልም፤ የማሳው አፈር የእርሱም ሕይወት ነው። ነገር ግን ሸክሙ ለአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ፍትሕ የጎደለው ነው። የተሠራውንም ሥራ ከላይ በሚመጣ ውሃ ያፈርሳል።

ከአሁኑ ምን ማድረግ ይቻላል?

የአሜሪካን ፈቃድ እንዳለ ገልብጠን እናምጣ አንልም። ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው፦ አፈሩ ከመነካቱ በፊት ውሃው የት እንደሚሄድ በጽሑፍ ይወሰን፤ ሲወሰንም የአፈር ጥበቃ ሰው ይኑርበት። ይህ በሕግ ደረጃ በዝርዝር እስኪሠራ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እንመክራለን።

ሀ. በቀበሌያችሁ የግንባታ ሥራ እንደሚጀመር በሰማችሁ ጊዜ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት መሐንዲሱን ጠይቁ። ጥያቄው አንድ ይሁን፦ «ውሃው የት ይወጣል?» ከዚያም ከመሐንዲሱና ከማኅበሩ ተወካዮች ጋር በመሆን መስመሩን በእግር ሂዱበት። የተስማማችሁበትን ጻፉ፤ ሁሉም ይፈርምበት።

ለ. የመንገድ ዳር ውሃ በአንድ ቱቦ ተጠራቅሞ እንዳይለቀቅ፣ በየተወሰነው ርቀት ተከፋፍሎ እንዲወጣ ጠይቁ። መውጫው ድንጋይ የተነጠፈበት ይሁን። ከዚያ በታች ያለው የውሃ መውረጃ ውሃው ከመለቀቁ አንድ ክረምት ቀደም ብሎ ሣር የያዘ ቢሆን ይመረጣል። መሬቱ ሲፈቅድ ውሃውን ወደ ኩሬ ወይም ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ መምራትም ይቻላል። ይህ በትግራይና በአማራ ክልሎች ተሠርቶ ታይቷል።

ሐ. ጥቁሩ የላይ አፈር ለብቻው ተከምሮ በመጨረሻ ወደ ቦታው ይመለስ። ክምሩ ከወንዝና ከቦረቦር አፍ ይራቅ፤ ዙሪያውንም ቦይ ይቆፈርለት።

መ. መሬት የሚከፍት ሥራ በተቻለ መጠን ከክረምት በኋላ ይጀመር። ሰኔ ከመግባቱ በፊት የተገለጠው ቁልቁለት በሣር፣ በገለባ ወይም በድንጋይ ይሸፈን።

ሠ. ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ቦታውን ተመልከቱ። ከግንባታው በላይና በታች ካለው ውሃ በሁለት ነጭ ጠርሙሶች ቅዱ፤ ቀንና ቦታውን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ከላይ የተቀዳው ጥሩ፣ ከታች የተቀዳው ጭቃ ከሆነ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የምታቀርቡት ማስረጃ አገኛችሁ ማለት ነው።

ረ. ሥራው ሲያልቅ በርክክቡ ላይ የማኅበሩ ተወካይ እንዲገኝ ጠይቁ። ቁልቁለቱ ሣር ሳይዝ፣ መውጫው ሳይነጠፍ ሥራው አለቀ አይባል።

ሰ. በመጨረሻ የራሳችሁን ግቢ ተመልከቱ። የማኅበሩ የማዳበሪያ ክምችት፣ የነዳጅ በርሜል፣ የትራክተር መጠገኛ፣ የቡና ገለፈት ክምር በዝናብ ይመታል ወይ? ከሆነ ጣራ ሥሩለት፤ ከላይ የሚመጣውንም ውሃ በቦይ አሳልፉት። በራሱ ግቢ ያልሠራውን ከሌላው የሚጠይቅ ማኅበር የሚሰማው አያገኝም።

ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አስቀድሞ መገኘትን ነው። ዶዘሩ ከመጣ በኋላ የሚነገር ምክር ሰሚ የለውም፤ ቦረቦሩ ከተከፈተ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤም የታጠበውን አፈር አይመልስም። በሜሪላንድና በኒው ጀርሲ የአፈር ጥበቃው ሰው ዕቅዱን የሚያየው አፈሩ ገና በቦታው ሳለ ነው። እኛም ልንጠይቅ የሚገባን ይህንኑ ነው።

ለሽማግሌው ጥያቄ ያን ቀን ያጣነው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ ማስተማሩ የእኛና የእናንተ ሥራ ነው፤ መጠየቁ ደግሞ የሁላችንም መብት ነው። ዶማ የያዘው ገበሬ የሚጠየቀውን ዶዘር የያዘውም ይጠየቅ።